አዳሪ ወንድ ልጆችን ሽርሽር ማውጣት፦ ከደመራ እስከ ሰኔ መሸኛ

የአዳሪ ልጆች ተቆጣጣሪ (ፕሮክተር) ሆኜ በጀመርኩበት ዓመት፣ መስከረም 16 ማታ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ራቴን አልበላም አለ። ግንባሩን ዳሰስኩት። ትኩሳት የለውም። ሆድህን ነው? አይደለም። ልጁ ከጉራጌ አገር የመጣ ነው፤ መስቀልን ከቤቱ ውጭ ሲያሳልፍ የመጀመሪያው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወደ ግድግዳው ዞረና «ቲቸር፣ እማዬ አሁን ቅቤ እያነጠረች ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

የዚያ ዓመት የሽርሽር ዕቅዳችን በሚያምር ጽሑፍ ተጽፎ ቦርድ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ አንድ፣ ሚያዝያ ላይ አንድ። ለአስተዳደሩ ይመቻል፣ ለአውቶቡስ ኪራይም ይመቻል። ለዚያ ልጅ ግን ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ዕቅድ ስይዝ የምጀምረው ልጆቹን ቤታቸው የሚናፍቃቸውን ቀኖች በማክበብ ነው። ቀጥሎ ያለው መመሪያ በዚህ ዓይን የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ላለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ይሆናል። ሌላ ቦታ ያላችሁ መድረሻዎቹን እንደ አገራችሁ ቀይሯቸው።

1. ቀኑን ያዙ፣ ቦታው ይቆይ

የግድግዳ ካላንደር አውጡና በቀይ እስክሪብቶ አክብቡ። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋ። እነዚህን ማንም አይረሳቸውም። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው። ትምህርት ከተጀመረ ሦስተኛው ሳምንት አንዱ ነው፤ አዲስነቱ ያለቀበት፣ ከቤት የመጣው ቆሎ የተሟጠጠበት። ከጠያቂ እሁድ፣ ማለትም ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሚመጡበት ቀን፣ ማግስት ያለው ሰኞ ሌላው ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት የተነገረበት ሳምንትም አለ።

ቀጥሎ አየሩን አስቡ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ነው፤ እኛ በልማድ ጸደይ የምንለው። ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ አቧራው አልተነሣም። ከመጋቢት በኋላ በልጉ ይመጣል፤ ጠዋት ጠራ ብሎ ያታልልና ከሰዓት ያወርደዋል። ግንቦትን ለፈተና ተዉት።

እኔ የምከተለው ይሄን ነው፦ መስከረም ላይ ደመራ በግቢ፣ ጥቅምት እንጦጦ፣ ኅዳር የጽዳት ቀን፣ ታኅሣሥ የገና ጨዋታ፣ የካቲት ረጅሙ ጉዞ፣ ከፋሲካ በኋላ ቢሾፍቱ፣ ሰኔ መሸኛ። እንዳያችሁት ግማሹ ከግቢ አይወጣም። አውቶቡስም በጀትም አይጠይቅም።

2. ደመራውን ግቢ ውስጥ ትከሉ

መስቀል አደባባይ እንውሰዳቸው የሚል መምህር በየዓመቱ ይነሣል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ይሁን። አዲሶቹ ግን ከተገናኙ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው። በዚያ ሕዝብ መሐል ቢጠፋ «ከማን ጋር መጣህ?» ሲባል የኔን ስም እንኳ በቅጡ የማያውቅ ልጅ አለ።

ግቢ ውስጥ ሲሆን እንዲህ አድርጉት። መስከረም 15 እያንዳንዱ ዶርም አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ያመጣል። ጭራሮውን ታናናሾቹ ይለቅማሉ፣ አደይ አበባውንም እነሱ ያስራሉ። ደመራው ከማንኛውም ጣሪያ ቢያንስ ሃያ እርምጃ ይራቅ። ዙሪያውን ገመድ ዘርጉ፣ አንድ በርሜል ውሃና ሁለት ባልዲ አሸዋ አጠገቡ አስቀምጡ። በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ማንም ገመዱን አይሻገር፤ ፍም ሲረግጥ ቀልጦ እግር ላይ ይጣበቃል። እምነቱ ያልሆነ ልጅ ለጸሎቱ አይገደድ፣ ግን ሥራ አይጣ። ባለፈው የገመዱ ጠባቂ የነበረው የጅማ ልጅ አንድም ሰው አላስጠጋም፣ ርእሰ መምህሩንም ጭምር።

ምግቡ ላይ አትሰስቱ። ያ ራቱን ያልበላው ልጅ በዓመቱ ወጥ ቤት ገብቶ ለምግብ አብሳያችን ለእትዬ፣ ጎመን ክትፎ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳ ነበር። ሥጋ ለመቶ ሃያ ልጅ አይደርስም። ጎመን፣ አይብና ቅቤ ግን ይደርሳል። «ደቅቆ ነው የሚከተፈው፣ እንዲህ አይደለም» እያለ ቢላዋውን ከእጇ ሲቀበላት አየሁት። እሷም ሰጠችው። እትዬ ቢላዋዋን ለሰው ስትሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

3. ለወቅቱ የሚሆነውን ቦታ ምረጡ

አንድ ነገር በቅድሚያ። የትም ብትሄዱ በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። ካጠራጠራችሁ ሰርዙት። ልጆቹ ያኮርፋሉ፣ በሦስተኛው ቀን ይረሱታል።

እንጦጦ ቅርብ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ልጅ ትንፋሽ ቢያጥረው ሰነፍ አትበሉት። ሰልፉን እሱ ይምራው፣ ሌላው በሱ እርምጃ ይሂድ። እንጦጦ ማርያም ስትደርሱ አሳርፏቸው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ መሆኑን የታሪክ መምህሩ በአምስት ደቂቃ ይንገራቸው። አምስት ነው ያልኩት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምሩ፤ ሲመሽ ጅቡ ይወጣል።

ለየካቲቱ ረጅም ጉዞ የኔ ምርጫ መናገሻ ሱባ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥብቅ ደን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛው ጅራቱን ዘርግቶ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል አፉን ያልከፈተ ጎረምሳ አላየሁም፣ ሁሉን አይቻለሁ ባዩ እንኳ። ዱኩላ ለማየት ግን ዝምታ ያስፈልጋል፤ ስድሳ ወንድ ልጅ ባንዴ ዝም ሲል ደግሞ ገና አልገጠመኝም። ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ አፈር ነው። ዝናብ ከጣለበት መኪናው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው የካቲት ያልኩት።

ደብረ ሊባኖስ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገዳሙም፣ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውም ይታያል። ስሙ ፖርቱጋል ይሁን እንጂ በብዙዎች ዘንድ የሚታመነው የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት ነው፤ ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ይከራከሩበታል፣ ይከራከሩ። ገደሉ ግን ጨዋታ አያውቅም። ፎቶ እናንሣ እያሉ ወደ ኋላ የሚራመዱ ልጆች ባሉበት ዘመን ታናናሾቹን ይዤ አልሄድም። ከአሥራ አንደኛ ክፍል በላይ ብቻ።

ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ከፋሲካ በኋላ ላለ አንድ ቅዳሜ ትመቻለች። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ሆራ ሐይቅ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር በዚያ ሰሞን መንገዱም ከተማውም ይጨናነቃል፤ ሌላ ቀን ያዙ። ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ይሄ ማለት ከዳሩ ሁለት እርምጃ ስትገቡ እግር የሚያርፍበት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። «ቲቸር፣ እኔ ዋና እችላለሁ፣ ወንዝ ነው ያደግኩት» የሚላችሁ ልጅ አይጠፋም። ወንዝ ሌላ ነው። ዋና የለም። ቃሉን ከመነሣታችሁ በፊት፣ አውቶቡሱ ውስጥም፣ ስትደርሱም ድገሙት፤ ከዚያ ሁለት መምህራን ጀርባቸውን ለልጆቹ ሳይሰጡ ውሃው ዳር ይቀመጡ።

ጥምቀትስ? ጃን ሜዳ ለትልልቆቹ ነው። ታናናሾቹ ጥር 10 ለከተራ ቅርባችሁ ካለው ደብር ታቦት ጋር አጅበው ይመለሱ። ይበቃቸዋል።

4. «ቤተሰብ» መሥርቱ

ስምንት ስምንት ልጅ። ከየክፍሉ የተቀላቀሉ፣ በተለይ ካንድ አገር ያልመጡ። አንድ ታላቅ አለቃ ይሆናል። ስምንቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ስምንት ሆነው የጠፉ ልጆች በሰላም ይገኛሉ፣ ብቻውን የጠፋ ያስፈራል።

አለቃው ቦርሳውን ለታናሽ አያሸክምም። ፍሬሾችን፣ አዲስ ገቢዎቹን፣ ማሠቃየት የሚጀምረው ከዚህ ነው። መጀመሪያ «ይቺን ያዝልኝ» ይባላል፣ ሲመለሱ ካልሲ እጠብ ይመጣል። አንድ ጊዜ ካያችሁ የአለቅነቱን ፊሽካ ውሰዱና ለሌላ ስጡት። ያለ ንግግር፣ ሰው ፊት።

ቆጠራን በተመለከተ አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። በፊት ለየልጁ ቁጥር ሰጥተን በየተራ እናስጠራ ነበር። አንድ! ሁለት! ሦስት! ሲያምር። አንድ ቀን ስልሳውም ተጠርቶ ተነሣን። ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄድን በኋላ ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ሰማሁ። 17 ቁጥር የለም። ዛፍ ሥር ተኝቷል፣ ጓደኛው «ይደርሳል» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠርቶለት ነው። ስንመለስ ልጁ አሁንም ተኝቶ ነበር፣ ኮፍያው ፊቱ ላይ። እኔ ግን በዚያች ሩብ ሰዓት አሥር ዓመት አረጀሁ። አሁን ቆጠራ ፊት በማየት ነው። አለቃው ሰባቱን ፊት ለፊት አቁሞ ያያቸዋል፣ «ሙሉ ነን» ይላል፣ እኔ ዞሬ አያለሁ። ስትሳፈሩ፣ ስትደርሱ፣ ከምሳ በፊት፣ ከመመለሳችሁ በፊት። አራት ጊዜ።

5. ገንዘቡን ማንም አይወቀው

የከፈሉትን ስም ዝርዝር ቦርድ ላይ እንዳትለጥፉ። እኔ ለጥፌያለሁ። ለሒሳብ ግልጽነት ብዬ። በጉዞው ጠዋት አንድ ልጅ አሞኛል ብሎ ተኛ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርገው ጫማውን አጥልቋል። ተወልውሏል፣ ክሩም ታስሯል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ይከፈልልኛል ብሎ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጠብቆ ነው።

ክፍያው በቀጥታ ከወላጅ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሂድ። ያልቻለውን ትምህርት ቤቱ ይሸፍን፣ የሚያውቁትም ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። የጓሮ አትክልት ካላችሁ ደግሞ ልጆቹ ጎመንና ሰላጣ ለመምህራን ይሽጡ፣ ገቢው ለጋራ ምሳ ይዋል። የኪስ ገንዘብ ጣሪያ አብጁለት፤ አንዱ በየሱቁ ሲገዛ ሌላው ቆሞ የሚያይበት ሽርሽር ባይኖር ይሻላል።

6. ስንቅ

ትኩስ ፍርፍር በክዳን ታፍኖ ሦስት ሰዓት ሲጓዝ ይበላሻል። ዳቦ፣ ቅቅል ድንች፣ ሙዝ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። በሶ ካለ በስኳር ጨብጡት፤ ለተራራ የሚሆን ነው። እንቁላል ለፍስክ ቀን። ረቡዕና ዓርብ ወይም ሁዳዴ ከሆነ ለሁሉም የጾም ምግብ ሥሩ። የማን ሥጋ ነው የሚለው ጥያቄም አብሮ ይቀራል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ካንድ ትሪ ይበላል። በረመዳን ረጅም የእግር ጉዞ አታውጡ፤ የሚጾመው ልጅ «ችግር የለም» ይላል እንጂ ውሃ ጥም ችግር ነው። ውሃ ለየልጁ ሁለት ሊትር አስቡ። አንድ ጀሪካን ደግሞ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ፣ ምልክት ይደረግበት።

7. አውቶቡሱ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱና መኪናውን በዓይናችሁ እዩ። ቦሎው ዘንድሮ የተለጠፈ ነው? ሦስተኛ ወገን አለው? ጎማው አልላጠም? ሹፌሩ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የመጣ እንዳይሆን ጠይቁት፤ ዓይኑን አይታችሁም ታውቃላችሁ። ስትመለሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ግቢ ግቡ።

ከዚያ የመስኮቱ ጦርነት አለ። ግማሹ «ንፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋል፣ ግማሹ ታፈንኩ ብሎ ይከፍታል፣ ያስመለሰው ልጅ መሐል ላይ ይቀመጣል። የኔ ሕግ፦ ፊት ያሉት ሁለቱ መስኮቶች ክፍት፣ የሚያስመልሳቸው ልጆች እዚያ። ፌስታል በየወንበሩ። ሎሚ በየአለቃው ኪስ። ሎሚ ማሽተት የሚያጥወለውለውን ልጅ ምን ያህል እንደሚያረጋጋ ሳይንሱን ለሌላ ልተወው፤ እኔ ያለ ሎሚ አልነሣም።

8. የጠያቂ እሁድ

ስለዚህ ቀን ማንም መመሪያ አይጽፍም፣ የአዳሪ ሕይወት ትልቁ ቀን ግን እሱ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሩ ይከፈታል። እናቶች በዘንቢል ይገባሉ። በየዛፉ ሥር ጋቢ ይነጠፋል፣ ዶሮው ይከፈታል። በሩ አጠገብ ያለችው ድንጋይ ላይ ደግሞ ጠያቂ የሌላቸው ይቀመጣሉ። ማንንም የማይጠብቁ መስለው።

ከየዶርሙ ማን ጠያቂ እንደሌለው አስቀድማችሁ እወቁ። ዝርዝሩ ግን በጭንቅላታችሁ ይቅር። ከዚያ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ለዚያ ጠዋት ደስ የሚል ሥራ ፍጠሩ፤ ኳስ ግጥሚያ ወይም ወደ ቅርብ ወንዝ የእግር ጉዞ። የፈለገ ይምጣ በሉ፣ ማንንም አትጥሩ። ሁለተኛ፣ ወላጆችን በስልክ አንድ ነገር ለምኑ፦ ልጃችሁ አንድ ጓደኛ ይዞ ይምጣ። አገራችን ውስጥ ይሄን እምቢ የሚል እናት አላገኘሁም። እንዲያውም በሚቀጥለው ወር «ያ ቀጭኑ ልጅስ?» እያሉ የሚጠይቁ አሉ።

ከቤት የመጣው ጭኮና ቆሎ ላይ ክርክር ይነሣል። ሁሉም ለጋራ ይሁን የሚል ሕግ አውጥቼ ነበር፣ ውጤቱ ፍራሽ ሥር የተደበቀ ጭኮና የጉንዳን ሰልፍ ነበር። አሁን ግማሹ ለዶርሙ ትሪ፣ ግማሹ ለራሱ፣ በተቆለፈ ሎከር።

9. ከግቢ የማይወጡት ቀኖች

ኅዳር 12ን አትለፉት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ከመታ ወዲህ ቆሻሻ የሚቃጠልበት፣ ግቢ የሚጸዳበት ቀን ነው። ፍራሾቹን በሙሉ ፀሐይ ላይ አውጡ። ሎከሮቹን አራግፉ። የጠፋ ካልሲ፣ የጠፋ ማንኪያ፣ ካምናው የቀረ ደብዳቤ ይወጣል። ፕላስቲኩን ለብቻ ለዩት፣ ከቅጠሉ ጋር አታቃጥሉት። ማታ ቡና ይፈላል። ልጆቹ እንደ በዓል ነው የሚያዩት።

ገና ጨዋታ ደግሞ ለታኅሣሥ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ጥንግ፣ ሰፊ ሜዳ፣ በቃ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ መምህራን ከተማሪ ጋር ተደባልቀው ይጫወቱ። ዱላው ከጉልበት በላይ አይነሣ፣ ጥንጉም ከእንጨት ይልቅ ከጨርቅ ይጠቅለል። የኔ ቅልጥም ምስክር ነው።

10. ስትመለሱ

ልጆች በሽርሽር ማታ ደስተኛ ሆነው ይተኛሉ ብላችሁ እንዳትገምቱ። ከደስታ በኋላ ያለው ዝምታ ላይ ነው ቤት የሚናፍቀው። ስለዚህ ያን ማታ ጥናት አይኑር። ትኩስ ሾርባ ይቅረብ፣ እግር ይታጠብ፣ የተላጠ ተረከዝ ይታይ። ለየልጁ የአምስት ደቂቃ ስልክ ፍቀዱ። ወረፋው ረጅም ይሆናል፣ ይሁን። «እማ፣ ዝንጀሮ አየሁ» ሲል የምትሰሙት ጉሬዛውን ነው፣ አታርሙት።

ሰኔ ላይ ተመራቂዎቹ ፊሽካቸውን ለተተኪው አለቃ ያስረክባሉ፣ ከየቤተሰቡም አንድ ችግኝ ይተከላል። ንግግር ባይበዛ።

በመጨረሻ ደብተር ይኑራችሁ። አውቶቡሱ የት እንደተቀረቀረ፣ የየትኛው ሱቅ ዳቦ እንደሻገተ፣ ማን መኪና እንደሚያመው፣ ማን ገደል ዳር እንደማይታመን። ለሚቀጥለው ፕሮክተር ይተላለፋል። እኔ ስረከብ ባዶ ነበር የተረከብኩት። የኔው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በትልቁ ተጽፎ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ መስመር አለ፦ «ሎሚ አትርሳ።»